ቮልስ በኮኖች መካከል፦ ለአውቶክሮስ የተሻሻለ የ1970 መኪና ግምገማ

ቮልስን አዲስ አበባ ላደገ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ዛሬም በከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ሲሄድ ይታያል። በአሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከልም ይህንኑ መኪና ገዝተው በትርፍ ጊዜያቸው የሚያድሱ አሉ። እኔ እዚህ የምገመግመው ግን ለእይታ የታደሰ ቮልስ ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ለአሜሪካ ገበያ ተሠርቶ ዛሬ በአማተር አውቶክሮስ የምወዳደርበትን፣ ለዚሁ ሲባል በየክፍሉ የተሻሻለውን መኪናዬን ነው። አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ይህ መኪና በኮኖች፣ ማለትም የውድድሩን መስመር በሚያመለክቱ ሾጣጣ የፕላስቲክ ምልክቶች መካከል እጅግ የሚያስደስትና ከሚገመተው በላይ የሚፎካከር ነው፤ ነገር ግን ገንዘቡ መጀመሪያ ጎማ ላይ፣ ቀጥሎ አሞርዛተሩና የመኪናው አቋቋም ላይ፣ ከዚያም የሞተሩን ዘይት በመጠበቅ ላይ መዋል አለበት። ሞተር ማሳደግ የመጨረሻው ተራ ነው፤ ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው ከእሱ ነው።

አውቶክሮስ በሰፊ የመኪና ማቆሚያ ወይም አገልግሎት በማይሰጥ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ላይ፣ በኮን በተሠራ ጠመዝማዛ መስመር ውስጥ አንድ መኪና ለብቻው ከሰዓት ጋር የሚወዳደርበት ስፖርት ነው። በአሜሪካ ትልቁ አዘጋጅ በ1944 የተመሠረተው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ፣ በምሕጻሩ ኤስ ሲ ሲ ኤ ሲሆን፣ ውድድሩን ሶሎ ብሎ ይጠራዋል። አንድ ዙር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ሰዓቱ እስከ ሰከንድ አንድ ሺህኛ ድረስ ይለካል፤ የወደቀ ወይም ዙሪያውን ከተሰመረለት ሳጥን ሙሉ በሙሉ የወጣ እያንዳንዱ ኮን 2 ሰከንድ ያስጨምራል፤ መስመሩን የሳተ ዙር ደግሞ አይቆጠርም። ፍጥነቱ በአውራ ጎዳና ከሚፈቀደው ብዙም ስለማያልፍና በአቅራቢያ የሚጋፋ ሌላ መኪና ስለሌለ፣ ከ50 ዓመት በላይ ያስቆጠረ መኪና በዚህን ያህል ዝቅተኛ ስጋትና ወጪ አቅሙን እስከ ጫፍ የሚያሳይበት ሌላ ሕጋዊ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ውድድሩን እንደ አገልግሎት ስንመዝነው፣ የአንድ ቀን መግቢያ በብዙ ቦታ ከ100 ዶላር በታች ነው፤ አባል ላልሆነ ሰውም ጊዜያዊ አባልነት ይሰጣል። በዚህ ክፍያ የሚገኘው የመንዳት ጊዜ ግን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ዙሩ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ነው። የቀረው ቀን ጠዋት መስመሩን በእግር በመቃኘት፣ ወረፋ በመጠበቅና ሌሎች ሲወዳደሩ በየጣቢያው ቆሞ የወደቀ ኮን በማንሳት ያልፋል፤ ይህም የተወዳዳሪው ግዴታ እንጂ በፈቃድ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ። በእኔ አስተያየት ግን ኮን ማንሳቱ ራሱ የክፍያው አካል ነው፤ ምክንያቱም ፈጣኑ ነጂ ፍሬኑን የሚለቅበትን ቅጽበት፣ መሪውን ምን ያህል በዝግታ እንደሚያዞርና የፊት ጎማው የሚያመለክትበትን አቅጣጫ ከጥቂት ሜትሮች ርቀት በዓይን ማየት ይቻላል። ጀማሪ የሆነ ሰው ልምድ ያለው ነጂ አጠገቡ እንዲቀመጥለት መጠየቅ ይችላል፤ የራስ ቁር የሌለውም በአብዛኞቹ ቦታዎች በውሰት ያገኛል።

ከውድድሩ በፊት የሚደረገው የደህንነት ፍተሻ ለአሮጌ መኪና ባለቤት ልዩ ጥቅም አለው። የነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ወዲያው መመለሱ፣ የፍሬን መርገጫው መጥበቁ፣ የጎማ ኩሽኔታው አለመላላቱ፣ የፈሳሽ መንጠባጠብ አለመኖሩና የባትሪው በሚገባ መታሰር ሁሉ ይታያል። በቮልስ ባትሪው የሚገኘው ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሆነ፣ መቀመጫውን አንስቶ ለማሳየት መዘጋጀት ያስፈልጋል። ይህ ቦታ ከውድድር ውጪም ትኩረት ይሻል፤ የባትሪው ክዳን ከጠፋ የመቀመጫው ብረት ከባትሪው ጫፎች ጋር ተነካክቶ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ርካሽ የሆነውን ክዳን መግዛት ከማንኛውም ማሻሻያ መቅደም አለበት።

አሁን ወደ መኪናው ልመለስ። በ1970 የተሠራው የአሜሪካ ቮልስ 1,585 ሲሲ የሆነ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ከኋላ ይዟል፤ ጉልበቱም በዘመኑ የአሜሪካ አለካክ 57 የፈረስ ጉልበት ነበር። ክብደቱ ከ900 ኪሎ በታች ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 60 በመቶ ገደማ የሚያርፈው በኋላ ጎማዎች ላይ ነው። በመጠኑ ላይ የተመሠረተ ንቀት ግን ለዚህ መኪና አይገባውም፤ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1950ዎቹና እንደገና በ1962 ያሸነፈ መኪና ነው። እርግጥ ነው፣ ሳፋሪ የሚፈትነው ጽናትን ሲሆን አውቶክሮስ የሚፈትነው አቅጣጫ የመቀየር ፍጥነትን ነው፤ በዚህኛው ፈተና ላይ ደግሞ የተሠራበት ዓመት ሁሉንም ነገር ይወስናል። ለአሜሪካ ገበያ የቀረበው ቮልስ ከ1969 ሞዴል ጀምሮ የኋላ አክስሉ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት መገጣጠሚያ አለው፤ ስለዚህ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀሳቀስ አቋሙ ብዙም አይለወጥም። ለዚህ ስፖርት ቮልስ የሚፈልግ ሰው ዋጋው ቢጨምር እንኳ ከዚያ ዓመት ወዲህ የተሠራውን እንዲመርጥ አጥብቄ እመክራለሁ።

ከተደረጉት ለውጦች ሁሉ የላቀ ውጤት የሰጠው ጎማው ነው። በፋብሪካው ልክ ጎማው ስፋቱ 165 ሚሊ ሜትር የሆነ ረጅምና ቀጭን ባለ 15 ኢንች ሲሆን፣ በእሱ ምትክ 5.5 ኢንች ስፋት ባለው ቸርኬ ላይ 195/50 ባለ 15 ኢንች ገብቷል። ይህ ልክ ለብዙ ትንንሽ መኪኖች፣ በተለይም አውቶክሮስ ላይ በብዛት ለሚታየው ማዝዳ ሚያታ የሚሆን በመሆኑ፣ ምርጫው ሰፊ ነው፤ በጎኑ ላይ የሚጻፈው የመበላት መለኪያ 200 የሆነ፣ ማለትም የሶሎ የመንገድ መኪና ምድቦች የሚፈቅዱት ለስላሳና መሬት የሚይዝ ጎማ በቀላሉ ይገኛል። እንደ ዮኮሃማ አድቫን ኤ052 እና ብሪጅስቶን ፖቴንዛ አርኢ71አርኤስ ያሉት የዚህ ወገን ናቸው። ከመግዛት በፊት ግን መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ የጎማው ትከሻ ከፓራፋንጎው ጋር የማይነካካ መሆኑን መለካት ያስፈልጋል። ከ1968 ጀምሮ ቮልስ ቸርኬውን የሚያስረው በአራት ብሎን ሲሆን በብሎኖቹ መካከል ያለው ልክም ከሌሎች መኪኖች የተለየ ስለሆነ፣ የሚያታ ቸርኬ ቀጥታ አይገጥምለትም።

በዚህ ለውጥ ውስጥ ብዙ ሰው የማያሰላው ጥቅምና ኪሳራ አለ። አዲሱ ጎማ ከፋብሪካው ጎማ አጠር ስለሚል፣ ማርሾቹ ሁሉ ከአሥር በመቶ በላይ እንዳጠሩ ይቆጠራል። ከዝግተኛ መታጠፊያ ሲወጣ መኪናው በዚያው መጠን አጥብቆ ይጎትታል፤ ይህም ሞተሩ ሳይነካ ጉልበት የተጨመረ ያህል ይሰማል። በሌላ በኩል፣ ሞተሩ በደቂቃ 4,500 ዙር ሲደርስ በፋብሪካው ጎማ ሁለተኛ ማርሽ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ገደማ ያደርስ የነበረው፣ በአዲሱ ጎማ 56 ገደማ ላይ ያበቃል። ጠባብና ብዙ መታጠፊያ ባለው መስመር ይህ ምንም አይጎዳም፤ ረጅም ቀጥታ ባለው መስመር ግን ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ እንደገና ወደ ሁለተኛ መመለስ የግድ ይሆናል፤ በቮልስ ረጅም የማርሽ ዘንግ ይህ ጊዜ ይበላል። የፍጥነት መለኪያውም ገመዱ ከፊት ግራ ጎማ ስለሚነሳ፣ ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ ማሳየት ይጀምራል። ሁሉንም ስመዝነው ለውጡ ያለ ጥርጥር ይበጃል እላለሁ፤ ያም ሆኖ መኪናውን በየቀኑ በፈጣን መንገድ ለሚነዳ ሰው ሁለት ዓይነት ጎማ ይዞ በውድድር ቀን መቀየር ይሻላል።

የጎማው ንፋስም እንደ ጎማው ምርጫ ከባድ ጉዳይ ነው። ፋብሪካው የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ በብዙ ያነሰ ንፋስ እንዲኖራቸው ያዘዘው በምክንያት ነው፤ ፊቱ ቀላል፣ ኋላው ከባድ ስለሆነ አራቱን እኩል የሞላ ሰው ኋላው የሚያመልጥ መኪና ይነዳል። ልኩን ለማግኘት ያገኘሁት ምርጥ መሣሪያ ጠመኔ ነው። ከዙሩ በፊት ከጎማው መሬት ከሚነካው ገጽ ጀምሮ በትከሻው ላይ ወደ ጎን የሚወርድ ነጭ መስመር ይሰመራል፤ ከዙሩ በኋላ ተንበርክኮ መስመሩ የት ድረስ እንደጠፋ ማየት ነው። ጠመኔው ከትከሻው ጫፍ አልፎ ወደ ጎኑ ፊደላት ከጠፋ ጎማው ተጋድሟል፣ ንፋስ ይጨመርለታል፤ ከጫፉ በላይ ነጭ ሆኖ ከቀረ ደግሞ ንፋሱ በዝቷል። በእኔ መኪና የፊቱ ውጫዊ ጎማ ሁልጊዜ ከኋላው በፊት ይጋደማል፤ ስለዚህ በፊትና በኋላ መካከል ያለው ልዩነት ከፋብሪካው ትእዛዝ ይልቅ ጠበብ ማለት ነበረበት፣ እኩል ግን አልሆነም።

ከጎማው ቀጥሎ የሚመጣው የመኪናው አቋቋም ነው። ቮልስ ጥቅልል ስፕሪንግም ባሌስትራም የለውም፤ ክብደቱን የሚሸከሙት ተጠምዝዘው የሚመለሱ የብረት ዘንጎች ናቸው። የኋላው ዘንግ በውስጠኛው ጫፉ 40፣ በውጭኛው 44 ጥርስ አለው። አንዱን ጫፍ በአንድ ጥርስ ወደ አንድ ወገን፣ ሌላውን በአንድ ጥርስ ወደ ተቃራኒው ወገን በማዞር ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ለውጥ ማድረግ ስለሚቻል፣ ቁመቱ ያለ ምንም አዲስ ዕቃ በጥንቃቄ ይስተካከላል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ግራና ቀኙ እኩል እስኪሆን ድረስ ፈትቶ መመለስ ያስፈልጋል። የዚህን መሐንዲሳዊ ብልሃት ግን ከልቤ አደንቃለሁ። ከመጠን በላይ ማውረድ የሚታየውን ያህል አይጠቅምም፤ ፊቱ በጣም ዝቅ ሲል አሞርዛተሩ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያልቃል፣ መኪናውም ጎርባጣ አስፋልት ላይ መዝለል ይጀምራል። የመኪና ማቆሚያ አስፋልት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎርባጣ ነው።

አሞርዛተሮቹ የኮኒ ክላሲክ ናቸው፣ ቀይ ቀለም የተቀቡት። ጥንካሬያቸው የሚስተካከለው ከመኪናው ወጥተው እስከ መጨረሻ ተጨምቀው ሲዞሩ ነው፤ ስለዚህ በውድድሩ ቦታ በዙርና በዙር መካከል መቀያየር የሚፈልግ ሰው አይረካባቸውም። እኔ በዚህ አላዝንም፤ አንድ ጊዜ በሚገባ ከተስተካከሉ በኋላ ነጂው በአሞርዛተር ላይ ማመካኘቱን ትቶ በመስመሩ ላይ ያተኩራል። ከፊት በኩል 19 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የማጋደል መከላከያ ዘንግ ገብቷል፤ ከኋላ ግን ምንም አልጨመርኩም፣ ሁለቱንም በአንድ ላይ የሚሸጠውን ስብስብ መግዛትም አልመክርም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ነጂው በመታጠፊያ መካከል ነዳጅ መስጫውን በድንገት ከለቀቀ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላውም ይንሸራተታል፤ የኋላ ዘንግ ይህን ዝንባሌ ያባብሰዋል፣ የፊቱ ግን ያረጋጋዋል። አሁን መኪናው በተከታታይ ኮኖች መካከል ሲመላለስ ውስጠኛው የፊት ጎማ ከመሬት ቀለል ብሎ፣ የኋላዎቹ ሁለቱ ግን ተጣብቀው ይሄዳሉ። በዚያች ቅጽበት ከነዳጅ መስጫው ላይ እግርን በጥቂቱ ብቻ ማንሳት አፍንጫውን ወደሚቀጥለው ኮን ያዞረዋል፤ ይህን የመሰለ ግልጽ መልስ የሚሰጥ መኪና በዘመናዊዎቹ መካከል ብዙም አላገኘሁም።

በጥሩ ጎማ ላይ የተቀመጠ ቮልስ የሚያመጣው አዲስ አደጋ የዘይት ነው፤ ይህን ክፍል ማንም እንዳይዘለው እለምናለሁ። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ሲሆን፣ በረጅምና ፈጣን መታጠፊያ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ዘይቱን የሚስበው ቧንቧ፣ ማለትም መሳቢያው፣ አየር መሳብ ይጀምራል። ምልክቱ በፍጥነት መለኪያው ገጽ ውስጥ ያለችው ትንሽ የዘይት ግፊት መብራት በመታጠፊያው መጨረሻ ላይ ብልጭ ማለቷ ነው። ነጂው በዚያ ሰዓት ዓይኑ ኮን ላይ ስለሚሆን በቀላሉ ሊያመልጠው ይችላል፤ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ካለ መብራቷን እንዲጠብቅ አደራ ማለት ጥሩ ልማድ ነው። መፍትሔው ከሞተሩ ሥር የሚታሰር ተጨማሪ የዘይት መያዣ ሲሆን፣ መሳቢያውን ዝቅ አድርጎ የዘይቱን መጠንም ከአንድ ሊትር በላይ ይጨምራል። መኪናው ዝቅ ብሎ ከነበረ ግን ይኸው መያዣ ከመሬት ጋር ሊጋጭ ስለሚችል፣ የመኪናው ቁመትና የዘይት መያዣው ጥልቀት አብረው መወሰን አለባቸው።

ስለ ፍሬን ብዙ የምለው የለም። በአንድ ደቂቃ ዙር ውስጥ የፋብሪካው ታምቡር ፍሬን አይደክምም፤ ሸራው ጥሩ ከሆነና አራቱም ጎማዎች እኩል እስኪይዙ ከተስተካከለ በቂ ነው። በዲስክ መለወጥ የሚወጣው ገንዘብ ሌላ ቦታ ቢውል ይሻላል። መቀመጫው ግን ሊናቅ አይገባም፦ የፋብሪካው መቀመጫ ጎን ስለሌለው ነጂው ሰውነቱን ለመደገፍ መሪውን ይጨብጣል፣ መሪ የጨበጠ እጅ ደግሞ መኪናውን በትክክል ሊሰማው አይችልም። ጎን ያለው መቀመጫና ጥብቅ ቀበቶ ከብዙ የሞተር ዕቃ ይበልጣል።

ሞተሩን በተመለከተ፣ 85.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን ፒስተን በ90.5 በመተካት 1,776 ሲሲ ማድረግ የታወቀ መንገድ ነው፤ ውጤቱም ደስ ይላል። ነገር ግን የሞተሩን አካል በማሽን መቁረጥ ይጠይቃል፣ የሚመነጨው ሙቀት ይጨምራል፣ መኪናውንም ይበልጥ ወደ ተሻሻሉ መኪኖች ምድብ ይገፋዋል። በእኔ መኪና ሞተሩ በፋብሪካው ልክ ቆይቶ፣ በአንዱ ካርቡሬተር ፈንታ ሁለት ዌበር 34 አይሲቲ ብቻ ገብተውለታል። ከዝግተኛ መታጠፊያ ሲወጣ የሚሰጡት መልስ ፈጣን ነው፤ ጣጣቸው ግን ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ጎን ስለሚሰፋ ሁለቱን የሚያገናኘው ዘንግ ልኩን መሳቱ ነው። ስለዚህ ሚዛናቸው መስተካከል ያለበት ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ እንጂ ጠዋት በብርድ አይደለም።

ዕቃ ከመግዛት በፊት የሶሎን ደንብ ማንበብ ግዴታ ነው። ለምሳሌ ስትሪት የተባለው ምድብ አሞርዛተር መለወጥን ሲፈቅድ፣ የቸርኬው ስፋት ግን ከፋብሪካው እንዲለይ አይፈቅድም፤ የእኔ 5.5 ኢንች ቸርኬ ብቻውን ከዚያ ምድብ ያስወጣል። የተለያዩ ምድቦች መኪኖች የሚነጻጸሩበት ፓክስ የተባለ ማባዣ ስላለ፣ አነስተኛ ጉልበት ያለው መኪና ከኃይለኞቹ ጋር በውጤት ሰንጠረዥ ላይ መተያየት ይችላል፤ ሆኖም ማባዣው የሚሰላው በየምድቡ ምርጥ መኪና መሠረት በመሆኑ ለ50 ዓመት መኪና አይራራም። በነብራስካ ግዛት ሊንከን ከተማ በየሴፕቴምበሩ የሚካሄደው ብሔራዊ ሻምፒዮና፣ በሁለት ቀን በሁለት መስመር ላይ ሦስት ሦስት ዙር ተነድቶ የየቀኑ ምርጥ ሰዓት የሚደመርበት ነው፤ ወደዚያ የሚያልም ሰው በዘመናዊ መኪና ቢሄድ የተሻለ ዕድል አለው። በአካባቢ ውድድር ግን በደንብ የተስተካከለ ቮልስ ብዙ አዳዲስ መኪኖችን ከኋላው ያስቀራል።

የመጨረሻው ማሳሰቢያ ከ1969 ሞዴል በፊት የተሠራ ቮልስ ላላቸው ሰዎች ነው። በእነዚያ መኪኖች የኋላ አክስሉ የሚታጠፈው ከካምቢዮው አጠገብ ብቻ ስለሆነ፣ በከባድ መታጠፊያ ላይ የመኪናው ኋላ ከፍ ሲል ውጫዊው ጎማ ከሥሩ ይታጠፋል፤ ጎማው መሬቱን አጥብቆ በያዘ መጠንም መኪናውን ወደ ላይ ያነሳዋል። የሶሎ ደንብ የመገልበጥ ዝንባሌ ያለውን መኪና ስለማይቀበል፣ የደህንነት ኃላፊው እንዲህ ያለውን መኪና አይቶ ሊከለክል ይችላል፣ መከልከሉም ተገቢ ነው። ለእነዚህ መኪኖች ከላይ የዘረዘርኩት ቅደም ተከተል ይገለበጣል፦ መጀመሪያ የአክስሉን ወደ ታች መውረድ የሚገታው፣ ከካምቢዮው ሥር የሚታሰረው ተሻጋሪ ባሌስትራ ይገባል፤ ቀጥሎ ኋላው በመጠኑ ዝቅ ብሎ ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብሉ ይደረጋል፤ ከዚያም ለውድድሩ ከመመዝገብ በፊት የደህንነት ኃላፊውን ማማከር ይገባል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ መኪናው በመጠነኛ ጎማ እስኪፈተን ድረስ፣ ባለ 200ው ጎማ አይገጠምለት።